የአውትሉክ ፓስዎርድ ለይስሙላ፣ ቢትሎከር ለቁም ነገር

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸው። ቢሮ ላፕቶፕ ላይ የወረደውን ኢሜይል መቆለፍ ከፈለጋችሁ ኢሜይሉን ተዉትና ዲስኩን ቆልፉ። አውትሉክ የሚሰጣችሁ ፓስዎርድ ለይስሙላ ነው። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም የሚሰጣችሁ ደግሞ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። የሚያዋጣው ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የዲስክ መቆለፊያ፣ ቢትሎከር ነው፣ እሱ ከሌለ ቬራክሪፕት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም። ጊዜ ያላችሁ ቁጭ በሉ፣ አንድ በአንድ እንየው፤ ምክንያቱም ላፕቶፕ ሻጩም የአይቲው ልጅም አንዳንዴም አለቃ የሚነግራችሁ ከዚህ የተለየ ነው።

የምሠራው ገላን ነው፣ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ። መጋዘኑ ከታች፣ ቢሮው ከላይ። ኢሜይላችን ውስጥ የሌለ ነገር የለም፦ ፕሮፎርማ፣ ኢንቮይስ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ የኤልሲ ወረቀት፣ የደሞዝ ሰንጠረዥ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የሹፌሮች መንጃ ፈቃድ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ደግሞ ደንበኛው ስልክ ላይ ነው፣ «የኔ ኮንቴይነር የት ደረሰ» እያለ። ስለዚህ ኢሜይሉ ላፕቶፑ ላይ ወርዶ መቀመጡ ግዴታ ነው። ማታ ያ ላፕቶፕ ከኛ ጋር ሰርቪስ ይሳፈራል፣ ቱሉ ዲምቱ ይወርዳል፣ ከዚያ በባጃጅ ኮዬ ፈጬ ይገባል። የድርጅቱ ምስጢር በሙሉ በአንድ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ማለት ነው።

ቦርሳው ቢሰረቅ ሌባው ላፕቶፑን ሸጦ ይገላገላል እንጂ ኢሜይል አያነብም ትሉኝ ይሆናል። እሱ ልክ ነው። ግን የሚገዛው ሰው ማን እንደሆነ አታውቁም። ደግሞ ዋናው ስጋት ሌባው አይደለም። ዋናው ስጋት ጥገና ቤቱ ነው። ኪቦርድ ለማስቀየር ትሰጣላችሁ፣ ልጁ ወረቀት አውጥቶ «ፓስዎርዱን እዚህ ጻፊልኝ እህቴ» ይላል፣ ላፕቶፑም እዚያው ያድራል። ሌላው ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ ሲሸጥ ነው። ኢሜይላችሁን ያነበበ ሰው ከአቅራቢያችሁ ጋር ስንት ብር እንደተዋዋላችሁ፣ ክፍያው መቼ እንደሆነ፣ ማን እንደሚፈርም ያውቃል። ከዚያ በአቅራቢው ስም «የባንክ አካውንታችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ለሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አስመጪ ሁሉ የሚፈራው ይቺን ነው።

በመጀመሪያ የዊንዶውሱን ፓስዎርድ እንገላገለው። ብዙ ሰው «እኔ እኮ ስከፍተው ፓስዎርድ ይጠይቃል» ብሎ ይተኛል። ያ ፓስዎርድ የሚሠራው ዊንዶውሱ ሲነሳ ብቻ ነው። ኤስኤስዲውን ፈትቶ ኬዝ ውስጥ ከቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰካው ሰው፣ ወይም በዊንዶውሱ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም በፍላሽ ያስነሳ ሰው፣ ፓስዎርዱን ጭራሽ አያየውም። ፎልደሩን ከፍቶ ኮፒ ያደርጋል፣ አለቀ። ይህን ለማድረግ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም፣ ማንኛውም ጥገና ቤት በየቀኑ የሚሠራው ነው፤ «ዳታዬን አውጣልኝ» ስትሉት የሚያወጣው እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ አውትሉክ። የድሮው፣ ብዙ ቢሮ የለመደው አውትሉክ፣ ኢሜይል የሚያስቀምጠው በሁለት ዓይነት ፋይል ነው። አንዱ ፒኤስቲ፣ ሌላው ኦኤስቲ። በፖፕ፣ ማለትም ከሰርቨሩ ወደ ላፕቶፑ አውርዶ በሚያስቀምጠው መንገድ፣ የሚመጣ ኢሜይልና አርካይቭ ያደረጋችሁት ፒኤስቲ ውስጥ ይገባል። የኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የድርጅት ኢሜይል ሰርቨር)፣ የማይክሮሶፍት 365፣ ከአውትሉክ 2013 ወዲህ ደግሞ የአይማፕ (ኢሜይሉ ሰርቨሩ ላይ የሚቀርበት) አካውንቶች በኦኤስቲ ይቀመጣሉ። ፓስዎርድ የሚቀበለው ፒኤስቲ ብቻ ነው። ኦኤስቲ ላይ ፓስዎርድ ማድረጊያ ቦታው ራሱ የለም፣ ብትፈልጉም አታገኙም። «ኦኤስቲውን ቆልፌልሻለሁ» ያላችሁ ሰው ካለ ምን እንደቆለፈ ጠይቁት።

ፒኤስቲውን ለመቆለፍ ፋይል ትላላችሁ፣ አካውንት ሴቲንግስ፣ ዳታ ፋይልስ፣ ፋይሉን መርጣችሁ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ቼንጅ ፓስዎርድ። ቢበዛ 15 ፊደል ይቀበላል። መልኩ ያምራል። ከዚያ በኋላ አውትሉክ ሲከፈት ይጠይቃል፣ የፋይናንስ ኃላፊያችንም በዚህ ተደስታ ነበር። የአይቲው ልጅ ግን ሳቀ። «እትዬ፣ ይፈቀድልኝና ላሳይዎት» አላት። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ወሰደው፣ በነፃ የሚወርድ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ከፈተ፣ ፋይሉን አሳየው። ስክሪኑ ላይ ሦስት ፓስዎርድ ተደረደረ። አንዱም የእትዬ አልነበረም። «የትኛው ነው የሚሠራው?» አለች። «ሦስቱም» አላት። የመጀመሪያውን ጻፈው፣ ከፈተ። ሁለተኛውን ጻፈው፣ ከፈተ። እትዬ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እና እኔ የቱ ጋ ነው ቆለፍኩ የምለው?» አለችው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አውትሉክ ፓስዎርዳችሁን አያስቀምጥም፣ ከሱ የተሰላች 32 ቢት የሆነች አጭር ቁጥር ያስቀምጣል፣ ሲአርሲ የሚባል። ሲአርሲ የተሠራው ፋይል ሲተላለፍ መበላሸት አለመበላሸቱን ለማጣራት ነው እንጂ ምስጢር ለመጠበቅ አይደለም። ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች ወደ 4.3 ቢሊዮን ብቻ ስለሆኑ፣ ብዙ የተለያዩ ፓስዎርዶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ለዚህ ነው ሦስት የማይተዋወቁ ፓስዎርዶች አንድን ፋይል የከፈቱት። የባሰው ደግሞ ኢሜይሉ ራሱ በፓስዎርዱ አልተመሰጠረም። ፓስዎርዱን የሚጠይቀው አውትሉክ በራሱ ፈቃድ ነው፤ ሌላ ፒኤስቲ አንባቢ ፕሮግራም ካልጠየቀ ዝም ብሎ ያነበዋል። ግንብ ሳይኖረው የብረት በር ብቻ ተተክሎ የተቆለፈበት አዲስ ቦታ አይታችሁ ታውቁ የለ፣ በየዳር ሰፈሩ ሞልቷል፣ ልክ እንደዚያ ነው። ማይክሮሶፍትም ቢሆን ይህ ፓስዎርድ ሆን ብሎ ከሚመጣ ሰው ይጠብቃል ብሎ አይፎክርም፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተራ ሰው በስህተት እንዳይከፍተው ነው። ቤት ውስጥ ልጆች እንዳይነካኩት ከሆነ ይበቃል። ለድርጅት ምስጢር ከ5 አንድ እሰጠዋለሁ፣ አንዱንም ለመልኩ ነው።

ኦኤስቲውስ? «የአካውንቱ ፕሮፋይል ከሌለ አይከፈትም» ይባላል። በአውትሉክ ከሆነ እውነት ነው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ወስዳችሁ ሁለቴ ክሊክ ብታደርጉት እምቢ ይላል። ግን ኦኤስቲን ወደ ፒኤስቲ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች በየቦታው ይሸጣሉ። ፋይሉ እጁ የገባ ሰው ይዘቱ እጁ ገባ ማለት ነው። አንድ ጥሩ ነገር ግን አለ። በኤክስቼንጅ አካውንት ሴቲንግ ውስጥ ምን ያህል ኢሜይል ኦፍላይን እንደሚቀመጥ የምትወስኑበት ተንሸራታች አለ፤ ከ3 ቀን ጀምሮ እስከ ሁሉም ድረስ። ብዙ ቦታ ሳይነካ አንድ ዓመት ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። እኔ 3 ወር ላይ አድርጌዋለሁ። የቆየውን ስፈልግ ኔትወርክ ሲኖር ከሰርቨሩ አወጣዋለሁ። ላፕቶፑ ላይ የሌለ ነገር አይሰረቅም፣ ይሄ ከማንኛውም ፓስዎርድ ይቀድማል፣ ብር አያስወጣም፣ ግን ማንም አያደርገውም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ተንደርበርድ የምትጠቀሙ አላችሁ፣ ነፃ ስለሆነ ትናንሽ ድርጅቶች ይወዱታል፣ እኔም ለግሌ እወደዋለሁ። እሱ ላይ ፕራይመሪ ፓስዎርድ የሚባል ነገር አለ፣ ድሮ ማስተር ፓስዎርድ ይሉት ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲያበራ ኢሜይሌ ተቆለፈ ይላል። አልተቆለፈም። የተቆለፉት ተንደርበርድ ያስታወሳቸው የአካውንት ፓስዎርዶች ናቸው፤ ይህ ራሱ ጠቃሚ ነው፣ አላጣጥለውም። ኢሜይሎቹ ግን እንደነበሩ ናቸው። ሲጠይቃችሁ ካንስል በሉት፣ አዲስ ኢሜይል ማውረድ ያቅተው ይሆናል እንጂ የወረደውን ሁሉ ከፍቶ ያስነብባችኋል። ሞክሩት፣ አሁኑኑ።

ይበልጥ ማመን ከፈለጋችሁ የፕሮፋይሉን ፎልደር ክፈቱና ኢንቦክስ የሚለውን፣ መጨረሻው ላይ ነጥብ ምናምን የሌለውን ፋይል፣ በኖትፓድ ክፈቱት። ከማን፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ስለምን፣ ሁሉም በግልጽ ጽሑፍ ተደርድሯል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ደብዳቤ እንዳለ ይነበባል። እዚህ ላይ ግን የኛን ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። በአማርኛ የተጻፈው ኢሜይል ብዙ ጊዜ ኖትፓድ ላይ የላቲን ፊደልና ቁጥር ውጥንቅጥ ሆኖ ነው የሚታየው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን አይታ «ይኸው አማርኛውስ ተቆልፏል» ብላ ደስ አላት። አልተቆለፈም እህቴ። ቤዝ 64 የሚባል አጻጻፍ ነው፣ የኢሜይል መንገዱ ግዕዝ ፊደልን በሰላም እንዲያሳልፍ ተብሎ የሚደረግ ነው፣ ቁልፍም ፓስዎርድም የለውም፣ ኢንተርኔት ላይ ማንኛውም መፍቻ ገጽ ላይ ብትለጥፉት በሰከንድ አማርኛ ሆኖ ይወጣል። አታቹ ያደረጋችሁት ፒዲኤፍም እዚያው ፋይል ውስጥ በዚሁ አጻጻፍ ነው የተቀመጠው።

ተንደርበርድን እንደ ኢሜይል ፕሮግራም ከ5 አራት ተኩል፣ እንደ መቆለፊያ ዜሮ። መቆለፊያ ነኝም አላለም፣ እኛ ነን ያልነው።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ። ቢትሎከር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፣ ከቪስታ ዘመን ጀምሮ አለ። ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን ላይ ነው የሚገኘው። ሆም ላይ ሙሉው የለም፤ አንዳንድ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ግን ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚባል ቀለል ያለ ወንድሙ አለ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ፈልጉት። የናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት። ከዱባይ የሚመጡት ያገለገሉ ላቲቲዩዶች፣ ኤሊትቡኮችና ቲንክፓዶች መጀመሪያ ለድርጅት የተሠሩ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ፕሮ ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ አዲስ ሆነው የሚሸጡት ርካሾቹ ግን አብዛኞቹ ሆም ናቸው። ላፕቶፕ ስትገዙ ስለ ራምና ኮር ብቻ አትጠይቁ፣ ይቺንም ጠይቁ። ከሆም ወደ ፕሮ ማሳደጊያው ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ 99 ዶላር ነው፣ ከዚህ ሆኖ ያንን መክፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ራይት ክሊክ፣ ተርን ኦን ቢትሎከር። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የማገገሚያ ቁልፉን የት ላስቀምጥ ብሎ ነው፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። ቀጥሎ የተያዘውን ቦታ ብቻ ወይስ ሙሉውን ዲስክ ይላችኋል። የተያዘውን ብቻ ፈጣን ነው፣ ለአዲስ ላፕቶፕ ይሆናል። ሲሠራበት የኖረ ከሆነ ግን ሙሉውን ምረጡ፤ የተደመሰሰ ኢሜይል ከዲስኩ ላይ ወዲያው አይጠፋም፣ ባዶ በሚባለው ቦታ ላይ ተኝቶ ይቆያል፣ የተያዘውን ብቻ ካላችሁ ያ ሳይቆለፍ ይቀራል። ሪስታርት ያደርጋል፣ ከዚያ እናንተ ሥራችሁን ስትሠሩ እሱ ከጀርባ ይመሰጥራል። መብራት ቢጠፋስ? ባትሪ አለ። ባትሪውም ቢያልቅ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ዳታ አይበላም። የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያላችሁ ግን ታገሡ፣ ሰዓታት ይፈጃል፣ ማታ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ተዉት። ኤስኤስዲ ላይ ካለቀ በኋላ እኔ የፍጥነት ልዩነት አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ፒኤስቲ በሉት፣ ኦኤስቲ በሉት፣ የተንደርበርድ ፎልደር፣ ዳውንሎድ ያደረጋችሁት አታችመንት፣ የአታችመንቱ ጊዜያዊ ኮፒ፣ ሁሉም አብሮ ይቆለፋል። ኢሜይሉን ብቻ ለይቶ ከመቆለፍ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ኢሜይል ኢሜይሉ ውስጥ ብቻ አይኖርም እኮ፤ የከፈታችሁት ኢንቮይስ ዴስክቶፕ ላይ አለ፣ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ አለ፣ የዊንዶውስ ሰርች ኢንዴክስ ውስጥ ቃል በቃል አለ።

ሦስት የሚያስከፉኝ ነገሮች ግን አሉበት።

አንደኛው፣ ሲበራ ምንም አይጠይቅም። ቁልፉ ቲፒኤም በሚባል ቺፕ ውስጥ ነው፣ ላፕቶፑ ያልተነካካ ከመሰለው ቺፑ ራሱ ቁልፉን ይሰጣል፣ እናንተ ቀጥታ የዊንዶውስ መግቢያ ላይ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ የዊንዶውሱ ፓስዎርድ 1234 ከሆነ ቢትሎከሩ ምን ያደርግላችኋል? በፈረንጆቹ 2024 ደግሞ አንድ ተመራማሪ ከ10 ዶላር በማይበልጥ ዕቃ፣ ራስበሪ ፒ ፒኮ በምትባል ትንሽ ሰሌዳ፣ ቺፑ ለብቻው ከተቀመጠበት አንድ የድሮ ቲንክፓድ ላይ ቁልፉን በ43 ሰከንድ ጠልፎ አሳይቷል። ገላን ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው አለ ብዬ አልሰጋም። ግን መድኃኒቱ ስላለ ለምን ይቀራል፦ ግሩፕ ፖሊሲ የሚባለው የዊንዶውስ ጥልቅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሲነሳ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጠይቅ የሚለውን አብሩና ፒን ስጡት። ቢያንስ 6 አሃዝ ይፈልጋል። ከዚያ ዊንዶውሱ ገና ሳይነሳ፣ በሰማያዊ ስክሪን ላይ ፒን ይጠይቃል። የምር ቆልፌያለሁ የሚያሰኘው እሱ ነው። ጥገና ቤት ስትሰጡም ስክሪንና ኪቦርድ ለመሞከር ያንን ፒን መስጠት አያስፈልግም፤ ልጁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ወይም በራሱ ፍላሽ አስነስቶ መሞከር ይችላል። «ካልሰጠሽኝ አልሠራም» ካላችሁ ሌላ ቤት ሞልቷል።

ሁለተኛው፣ ክዳኑን ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት። ሁላችንም ሰርቪሱ ክላክስ ሲያደርግ የምናደርገው ነው። ክዳን ሲዘጋ ላፕቶፑ ስሊፕ ነው የሚያደርገው፣ ቁልፉ ሜሞሪ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፣ ፒኑንም ሲከፈት አይጠይቅም። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ክዳን ሲዘጋ ሃይበርኔት ያድርግ በሉት። ሲመለስ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ሥራችሁ ካቆማችሁበት ይገኛል፣ ፒንም ይጠይቃል። ባትሪም ይቆጥባል፣ ለኛ ሰፈር ይሄም ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የማገገሚያ ቁልፉ ነው፣ ሰውን የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። 48 አሃዝ ነው፣ በስምንት ቡድን፣ እያንዳንዱ ስድስት ስድስት። ላፕቶፑ አንድ ነገር ከጠረጠረ፣ ለምሳሌ ባዮስ አፕዴት ሲደረግ ወይም ማዘርቦርዱ ሲቀየር፣ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ይህን ቁልፍ ይጠይቃል። ከሌላችሁ በቃ። ማይክሮሶፍት ጋ ብትደውሉም፣ ጥገና ቤት ብትወስዱም፣ ስለት ብትሳሉም አይከፈትም። የመጋዘን ኃላፊያችን ላፕቶፕ ላይ ይህ የመጣው ወር ሊዘጋ ሲል ነው፣ ጠዋት፣ ባዮሱ ማታ ራሱን አድሶ። ጋሼ መጋዘን ውስጥ ከነላፕቶፑ ቆመው፣ እኔ ላይ ቢሮ ካዝናው አጠገብ ሆኜ፣ ቁልፉን ከታተመው ወረቀት ላይ በስልክ አነበብኩላቸው። ፎርክሊፍቱ እያጓራ። «አራት፣ ሰባት፣ አንድ…» «ሰባት ነው ስምንት ያልሽው ልጄ?» «ሰባት፣ ጋሼ።» ደግነቱ እያንዳንዱ ስድስት አሃዝ ሲገባ ስህተት ካለው እዚያው ይነግራል፣ መጨረሻ ላይ ደርሶ እንደገና አያስጀምርም። ተከፈተ። ወረቀቱ ካዝና ውስጥ ባይኖር ኖሮ የዚያ ወር ስቶክ ሪፖርት ውሃ በልቶት ነበር።

ስለዚህ ቁልፉን አትሙትና ካዝና ውስጥ፣ በድርጅቱ እጅ አስቀምጡት። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የቁልፍ መለያ ወረቀቱ ላይም ስላለ፣ ብዙ ላፕቶፕ ያለው ቢሮ የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላት አመሳስሎ የትኛው ወረቀት የትኛው ላፕቶፕ እንደሆነ ይለያል። የላፕቶፑ ቦርሳ ኪስ ውስጥ እንዳታደርጉት ብቻ፣ አይቻለሁ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው። አንድ ሠራተኛ በግል ማይክሮሶፍት አካውንቱ ላይ አስቀምጦት ሥራ ቢለቅ ደግሞ ከኋላው ስልክ እየደወላችሁ ልትለማመጡት ነው። ባዮስ ከማደስ በፊት ቢትሎከርን ሰስፔንድ ማድረግ፣ ማለትም ለጊዜው ማቆም፣ ከዚያ መልሶ ማብራት። ይህን የማያውቅ አይቲ እንዳይነካው።

ለቢትሎከር ከ5 አራት ተኩል። ግማሹን የቀነስኩት ፒኑ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ስለተደበቀ ነው፤ ለምን ፊት ለፊት አያደርጉትም?

ሆም ላይ የተቸከላችሁ፣ ቬራክሪፕት አለላችሁ። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ በፈረንጆቹ 2014 በድንገት ከተዘጋው ትሩክሪፕት ከሚባል የቆየ መቆለፊያ የተወለደ ነው። ሙሉ ዲስክም ይቆልፋል፣ እኔ ግን የሞከርኩት ኮንቴይነሩን ነው። አንድ ትልቅ ፋይል ትፈጥራላችሁ፣ ፓስዎርድ ስትሰጡት እንደ አዲስ ድራይቭ ይከፈታል፣ ፒኤስቲውን ወይም የተንደርበርድ ፕሮፋይሉን እዚያ ውስጥ ታዛውራላችሁ። ምስጠራው የምር ነው፣ እንደ ፒኤስቲው ቀልድ አይደለም። ረጅም ፓስዎርድ ይወዳል፣ ከ20 ፊደል ካነሰ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል። እኔ አራት አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ጻፍኩለት፣ ለማስታወስ ይቀላል።

አሰልቺነቱ ግን አለ። ጠዋት መጀመሪያ ኮንቴይነሩን መክፈት፣ ከዚያ አውትሉክን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አውትሉክ ፋይሉን አጣሁት ብሎ ይጮኻል። ማታ ደግሞ በተቃራኒው፣ መጀመሪያ አውትሉክን መዝጋት፣ ቀጥሎ ኮንቴይነሩን። ባትሪው መሐል ላይ ካለቀ ፒኤስቲው ሊበላሽ ይችላል፣ ባክአፕ ከሌለ ጉድ ይፈላል። መጠኑንም መጀመሪያ ላይ አስፍታችሁ ቁረጡት፣ ኢሜይል እንደሆነ ማደጉን አያቆምም፤ የአሁኑ ፒኤስቲ በመደበኛው እስከ 50 ጊጋባይት ይሄዳል። ደግሞ ቴምፕ ፎልደሩና ዴስክቶፑ ከኮንቴይነሩ ውጪ ናቸው፣ ከላይ እንዳልኩት አታችመንት እዚያ ይንጠባጠባል። ለጥንካሬው አምስት፣ ለአመቺነቱ ሁለት ተኩል። ሥርዓት ለሚወድ ሰው ይሆናል፣ ለጋሼ ግን አልመክርም።

የቆየ አርካይቭ በፍላሽ መስጠት ካለባችሁ፣ ለኦዲተር ለምሳሌ፣ ሰቨን ዚፕ በቂ ነው። ፎርማቱን ሰቨን ዚ አድርጋችሁ ፓስዎርድ ስትሰጡ ኤኢኤስ 256 በሚባል ጠንካራ ምስጠራ ነው የሚቆልፈው፣ የፋይል ስሞቹንም ደብቅ የሚለውን አትርሱ። ፓስዎርዱን በስልክ ንገሩት፣ እዚያው ፍላሽ ላይ በወረቀት አትለጥፉ። ጂሜይል ኦፍላይን የምትጠቀሙም አላችሁ፣ እሱ 7፣ 30 ወይም 90 ቀን ያወርዳል፣ የሚያስቀምጠው ክሮም ውስጥ ነው፣ የራሱ መቆለፊያ የለውም፣ ስለዚህ መልሱ ያው ዲስኩ ነው።

አለቃ «ይሄ ሁሉ ለምን» ካላችሁ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል በሉት። የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት በቴክኒክም በአሠራርም የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ እነዚያ የሹፌሮች መንጃ ፈቃድና የደሞዝ ሰንጠረዥ የግል መረጃ ናቸው። የኛ አለቃ የሰማው ግን ለአዋጁ ሳይሆን እነዚያን ሦስት ፓስዎርዶች ሲያይ ነው።

ዋጋውን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ፕሮ ላለው ላፕቶፕ ምንም አይከፈልም። አንዱ ጥገና ቤት «ኢሜይል ሴኩሪቲ እንጭናለን» ብሎ ለአንድ ላፕቶፕ የጠየቀን ገንዘብ ደህና ዩፒኤስ ይገዛ ነበር፤ ምን እንደሚጭን ስንጠይቀው ደግሞ ያው የፒኤስቲ ፓስዎርዱን ነበር ያለው። እንደዚህ የሚላችሁ ካለ ፍላሽ ላይ አንድ የሙከራ ፒኤስቲ አድርጋችሁ ቆልፍልኝ በሉት፣ ከዚያ ፊቱ ላይ ክፈቱለት።